ሐይቅን በአባቴ ካሜራ

ሰው ተወልዶ ያደገበትን አገር አብዝቶ ከማየቱ የተነሣ ውሎ አድሮ ማየቱን ይተዋል። ዓይኑ ከመንገዱ፣ ከዛፉና ከጎረቤቱ ደጃፍ ጋር ይለማመድና ሳያስተውል ያልፋቸዋል። ርቆ የኖረ ሰው ደግሞ ሌላ ስሕተት ይሠራል፤ ትቶት የሄደውን ቀዬ በሄደበት ቀን እንደ ነበረ አድርጎ በልቡ ያስቀምጠዋል። እኔ ሁለቱንም ስሕተቶች ሠርቻለሁ። ከሁለቱም ያላቀቀኝ መጽሐፍ ወይም አዋቂ ሰው ሳይሆን ወደ አንድ ኪሎ የሚጠጋ ክብደት ያለው አንድ አሮጌ የሶቪየት ካሜራ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ እንዴት እንደ ሆነ መናገርና በመጨረሻም ለአንባቢ አንድ ልመና ማቅረብ ነው።

የተወለድሁት በደቡብ ወሎ፣ በተሁለደሬ ወረዳ፣ በሐይቅ ከተማ ነው። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ሰሜን የሚጓዝ ሰው ደሴን አልፎ 30 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ሄደ ከመንገዱ በስተ ቀኝ ውኃው ብልጭ ይልለታል። ከተማዋ ስሟን ያገኘችው ከዚህ ውኃ ነው። ስፋቱ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን በጥልቁ ስፍራ ጥልቀቱ ከ80 ሜትር ያልፋል። በስተ ደቡብ ምሥራቅ ካለው ከአርዲቦ ሐይቅ የሚመጣው ወንዝ ይገባበታል እንጂ ከእርሱ በገሃድ የሚወጣ ወንዝ የለም። የተቀበለውን ሁሉ በውስጡ የሚያስቀር ውኃ ነው።

አባቴ በዚያው ከተማ መምህር ነበረ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ ለትምህርት ወደ ሶቪየት ኅብረት ሄዶ የተመለሰ አንድ ወዳጁ በሞስኮ አጠገብ በክራስኖጎርስክ የተሠራ ዜኒት የተባለ ካሜራ አመጣለት። አባቴ ከደመወዙ ቆንጠር እያደረገ ፊልም ከደሴ ይገዛ፣ ያነሣውንም እዚያው ደሴ ወስዶ ያሳጥብ ነበር። ሁሉን ለማሳተም አቅሙ ስለማይፈቅድ የሚወዳቸውን ጥቂቶቹን ብቻ ያሳትማል፤ የቀሩት ታጥበው በጥቅልላቸው ይቀመጣሉ። እርሱ ካለፈ በኋላ ካሜራው እኔ ዘንድ አዲስ አበባ መጥቶ በመጻሕፍት መደርደሪያ ላይ እንደ ጌጥ ተቀመጠ። የታተሙት ፎቶግራፎች ግን በመስተዋት ክፈፍ ሆነው በእናቴ ቤት ግድግዳ ላይ ቀሩ። ከመካከላቸው አንዱ፣ ከበሩ ትይዩ የተሰቀለው፣ የአባቴ የራሱ መልክ ነበረ። ደሴ ከአንድ ፎቶ ቤት የተነሣው ጉርድ ፎቶግራፍ አድጎ የታተመ ነው።

በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ወር ጦርነቱ እስከ ሐይቅና ደሴ በደረሰ ጊዜ እናቴ ከጎረቤቶቿ ጋር የለበሰችውን ለብሳ ወጣች። ከብዙ መንከራተት በኋላ እኔ ዘንድ ደርሳ ከረመች። ኅዳር አልቆ አካባቢው ሲረጋጋ፣ መንገዱም ሲከፈት ይዣት ተመለስሁ። ቤቱ ቆሟል፤ ጣሪያውም አልተነካም። ግድግዳው ግን ባዶ ነበር። ክፈፎቹ ተሰቅለውበት የኖሩት ቦታ ከቀረው ግድግዳ ነጣ ብሎ፣ አራት ማዕዘን አራት ማዕዘን ሆኖ ይታያል። ማን እንዳወረዳቸው፣ ለምንስ እንደ ፈለጋቸው ለማወቅ አልተቻለም።

እናቴ ስለ ጠፋው ድስትና ስለ ጠፋው ብርድ ልብስ አንድም ቃል አልተናገረችም። ከበሩ ትይዩ ያለውን ነጣ ያለ ቦታ ለረጅም ጊዜ ስትመለከት ቆየችና፣ «ዕቃ ይተካል፣ ልጄ። እኔ የምፈራው መልኩ ከዓይኔ እንዳይጠፋብኝ ነው» አለችኝ።

እኔም «አብሽሪ እማዬ፣ ዘመድ ቤት ቅጂ አይጠፋም» ብዬ አጽናናኋት። ጠይቀን ግን አላገኘንም።

ቤቱን በምናጸዳበት ቀን ከቁም ሣጥኑ ሥር የተገለበጠ የብስኩት ቆርቆሮ አገኘሁ። ክዳኑ ተከፍቶ በውስጡ የነበረው መሬት ላይ ተበትኗል። የአባቴ ኔጌቲቮች ነበሩ። አሥራ አንድ ጥቅል ፊልም፣ ወደ አራት መቶ የሚጠጋ ምስል፤ እያንዳንዱ ጥቅል በወረቀት ተጠቅልሎ፣ በወረቀቱም ላይ በእርሳስ ወርና ዓመት ተጽፎበታል። ቆርቆሮውን የከፈተው ሰው ገንዘብ ወይም ወርቅ ጠብቆ ኖሯል። ያገኘው ግን ነጩ ጠቁሮ፣ ጥቁሩ ነጥቶ፣ የሰው ፊት የማይለይበት የፕላስቲክ ቁራጭ ነው። የታተመው ፎቶግራፍ ዋጋው ለሁሉም ስለሚታይ ጠፋ፤ ኔጌቲቩ ለማንም የማይረባ ስለ መሰለ ተረፈ።

ፊልሞቹን ይዤ ደሴ ውስጥ ፎቶ ቤቱን ከዘጋ ዓመታት ወዳለፉት አንድ ሽማግሌ ዘንድ ሄድሁ። በዛሬ ዘመን ኔጌቲቭን በኮምፒዩተር መሣሪያ ገልብጦ ማየት ይቻላል፤ ለጥንቃቄም በኋላ እንደዚያው አድርጌያለሁ። ሽማግሌው ግን ኔጌቲቩን በመስኮቱ ብርሃን እያዩ፣ «ይህን ያነሣ ሰው እጁ ጥሩ ነበር። አንቺም በእጅሽ ብታወጭው ይሻላል» አሉኝ። ጋሼ እያልሁ በየዕረፍቱ ጊዜ እየተመላለስሁ ሙያውን ከእርሳቸው ተማርሁ።

ለማያውቀው አንባቢ ነገሩን ባጭሩ ላስረዳ። ፊልም ማለት በላዩ የብር ጨው ያለበት ስስ ጄላቲን የተቀባ ፕላስቲክ ነው። የካሜራው መዝጊያ ለቅጽበት ሲከፈት ብርሃን ያገኘው የብር ጨው ይለወጣል፤ ለውጡ ግን በዓይን አይታይም። ፊልሙ በጨለማ ውስጥ ወደ መጀመሪያው መድኃኒት ሲገባ ብርሃን የነካው ቦታ ወደ ጥቁር ብርነት ይለወጣል። ሃይፖ የሚባለው ሁለተኛው መድኃኒት ብርሃን ያልነካውን የብር ጨው አሟሙቶ ያስወግዳል። ከዚያ በኋላ ፊልሙ በንጹሕ ውኃ ታጥቦ ይሰጣል። ለማተም ደግሞ በኔጌቲቩ ውስጥ ብርሃን አሳልፎ በወረቀት ላይ ይህንኑ ሥራ መድገም ነው፤ ያን ጊዜ ጥቁሩ ነጭ፣ ነጩም ጥቁር ሆኖ ወደ እውነተኛ መልኩ ይመለሳል። ይህን ሁሉ ሥራ ሕዝባችን በአንድ ቃል «ማጠብ» ይለዋል። ሽማግሌው በዚህ ቃል ይቀልዱበት ነበር። «ልብስ ስታጥቢ ያለውን እድፍ ታስለቅቂያለሽ፤ ፊልም ስታጥቢ የሌለ የሚመስለውን መልክ ታወጫለሽ» ይሉኛል።

በቀይ መብራት ሥር ካተምኋቸው ሁሉ የመጀመሪያው፣ እናቴ በሃያ ዓመት ዕድሜዋ ገደማ በሐይቁ ዳር በአንድ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ስትስቅ የሚያሳየው ነው። ነጭ ወረቀት ከመድኃኒቱ ውስጥ ገብቶ በመጀመሪያ የነጠላዋ ጥለት፣ ቀጥሎ ፀጉሯ፣ በመጨረሻም ፊቷ ብቅ ሲል እጄ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ በኋላ የቀሩትን በየተራ አተምሁ። ሠርግ አለ፤ የገበያ ቀን አለ፤ ጥቁር ሰሌዳ ተደግፈው የቆሙ ተማሪዎች አሉ፤ ከክንዱ የሚረዝም ዓሣ ያነገተ ልጅ አለ። አባቴ ግን የለም። ካሜራውን የያዘው እርሱ ነውና ከአራት መቶው ምስል በአንዱም ላይ አልተገኘም።

የታተሙትን ይዤ ወደ ሐይቅ ስመለስ እናቴ እያንዳንዱን ሰው በስሙ ጠራችው። «ይቺ የጎረቤታችን ልጅ ናት፤ ይኸ አውቶቡስ ማቆሚያው ነው፤ ይኸ ደግሞ ወደ ቢስቲማ የሚወስደው መንገድ መነሻ ነው» ትለኛለች። እኔ ግን አውቃታለሁ የምላትን የትውልድ ከተማዬን መለየት አቃተኝ። በዚያን ዕለት አንድ ውሳኔ ወሰንሁ። የአባቴን ካሜራ ይዤ፣ እርሱ በቆመበት ቦታ ሁሉ ቆሜ፣ ከተማዬን እንደገና ላያት ቆረጥሁ።

ይህ ለመናገር እንጂ ለመሥራት ቀላል አይደለም። የጥቁርና ነጭ ፊልም በአገራችን ገበያ እንደ ልብ ስለማይገኝ ከውጭ አገር የመጣ ወዳጅ አምስት ጥቅል አመጣልኝ። የካሜራው የብርሃን መለኪያ ከሞተ ቆይቷል፤ ስለዚህ ፀሐይ ሙሉ በሆነችበት ሰዓት ቀዳዳውን በ16 ላይ አድርጎ የመዝጊያውን ፍጥነት ከፊልሙ ቁጥር ጋር ማቀራረብ የሚለውን የድሮ ባለሙያዎች ሕግ ተከተልሁ። በአንድ ጥቅል 36 ምስል ብቻ አለ። በእጅ ስልክ በአንድ ቀን ሦስት መቶ ጊዜ የሚያነሣ ሰው ሠላሳ ስድስት ብቻ ሲሰጠው መጀመሪያ የሚማረው አለማንሣትን ነው። አንድ ቦታ ላይ ግማሽ ሰዓት ቆሜ ሳላነሣ የተመለስሁባቸው ቀናት ብዙ ናቸው። እነዚያ ቀናት ግን አልባከኑም፤ ያን ግማሽ ሰዓት ሙሉ ሳይ ነበርና።

በመጀመሪያ የሄድሁት ወደ ትምህርት ቤቱ ነው። ተማሪዎቹን አሰልፌ ባነሣኋቸው ጊዜ ወዲያው ሮጠው ከበቡኝና የካሜራውን ጀርባ እያገላበጡ ምስላቸውን ፈለጉ። «አይታይም፤ ፊልሙ ገና መታጠብ አለበት» አልኋቸው። «ታዲያ መቼ ነው የሚታየው?» አለ አንዱ። «ምናልባት ከወር በኋላ» ብዬ ስመልስለት፣ «እስከዚያ ማን ያስታውሰዋል!» ብሎ ሳቀብኝ። በሁለት ወሬ ሕትመቱን ይዤ ስመለስ ግን ያ ልጅ ከሁሉ ቀድሞ የቆመበትን ቦታ በጣቱ አሳየኝ። የአባቴን ተማሪዎችም አብሬ አሳየኋቸው። ከመካከላቸው አንዲት ልጅ የራሷን አያት በትምህርት ቤት ልብስ አገኘቻት። የሐይቅ ልጆች የአያቶቻቸውን የልጅነት መልክ አይተው የማያውቁ መሆናቸውን ያን ጊዜ ተረዳሁ።

በገበያው ቀን ያጋጠመኝ ደግሞ ሌላ ነው። ጤፍና ማሽላ ከምትሸጥ አንዲት አሮጊት ፊት ቆሜ፣ «እትዬ፣ ፎቶግራፍ ላንሣዎት?» ብዬ ፈቃድ ጠየቅሁ። ሴትዮዋ ከእግር እስከ ራሴ አዩኝና፣ «ለማን ልታሳዪው ነው?» አሉኝ። መልስ አጣሁ። ጥያቄው ቀላል አይደለም። በእኛ አገር ይህን ጥያቄ ለመጠየቅ ከወሎ ሰው የበለጠ ምክንያት ያለው የለም።

የወሎን ስም ዓለም የሰማው በፊልምና በፎቶግራፍ ነው ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ በ1966 ዓ.ም. መጀመሪያ ያቀረበው «ያልታወቀው ረሃብ» የተሰኘው ፊልም በወሎ የደረሰውን እልቂት ለዓለም ገለጠ። ይኸው ፊልም በ1967 ዓ.ም. ዘመን መለወጫ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በታየ ማግሥት ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። ከዚያ አሥር ዓመት ቆይቶ ኬንያዊው የካሜራ ባለሙያ መሐመድ አሚን ከጋዜጠኛው ማይክል በርክ ጋር ሆኖ፣ ያኔ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር በነበረችው በኮረም የቀረጸው ምስል ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. በቢቢሲ ታየ። እነዚህ ምስሎች እውነት ነበሩ፤ የብዙ ሰው ነፍስም አትርፈዋል። ይሁንና አንድን ሕዝብ በመከራው ቀን ብቻ ያየ ዓይን ያ ሕዝብ ሌላ ቀን እንዳለው ይዘነጋል። እኔ ራሴ በውጭ አገር ሰዎች ፊት ወሎዬ ነኝ ባልሁ ቁጥር በፊታቸው ላይ ኀዘኔታ ሲመጣ አይቻለሁ።

ሐሳቤን እዚህ ላይ አድርሼ የአባቴን ጥቅሎች በዓመተ ምሕረታቸው ስደረድር አንድ ነገር አስተዋልሁ። ከ1972 እስከ 1976 ዓ.ም. ሳይቋረጡ ይሄዱና ከዚያ በኋላ የሚመጣው 1979 ነው። መካከሉ ባዶ ነው። ፊልም ጠፍቶ ይሆናል ብዬ እናቴን ጠየቅኋት።

«ፊልምስ ነበረ» አለችኝ። «በዚያ ክፉ ቀን መንገዱ በሰው ተሞልቶ ባየ ጊዜ ካሜራውን ሣጥን ውስጥ ቆለፈው። ‹እነዚህ ሰዎች ሲጠግቡና ሲለብሱ ነው የማነሣቸው፤ አሁን ዳቦ እንጂ ፎቶግራፍ አልጠየቁኝም› ይል ነበር።»

በዚህ ነገር ብዙ አሰብሁ። አባቴ የሰውን ክብር ጠብቋል። ግን የአገሩ ሰው ያላነሣውን እንግዳ ሰው አነሣው፤ ዓለምም ያየው የእንግዳውን ዓይን ነው። ሁሉም እንደ አባቴ ቢያደርግ ኖሮ እልቂቱን ማን ያውቀው ነበር? ሁሉም እንደ እንግዶቹ ብቻ ቢያደርግ ኖሮስ የ1972ቱን ሠርግ ማን ያስታውሰው ነበር? እስከ ዛሬ ድረስ በአንዱ ወገን ቆሜ ለመፍረድ አልቻልሁም። በበኩሌ ግን አንድ ሥርዓት አበጀሁ። ሳልጠይቅ አላነሣም፤ ያነሣሁትንም በመጀመሪያ ለተነሣው ሰው ሳላሳይ ለማንም አላሳይም። ወደ ገበያዋ ሴትዮ ተመልሼ፣ «መጀመሪያ ለእርስዎ ነው የማሳየው» አልኋቸው። ነጠላቸውን አስተካክለው፣ አገጫቸውን ቀና አድርገው ተነሡ። ሕትመቱን ባመጣሁላቸው ጊዜ ለረጅም ሰዓት አይተው፣ «አርጅቻለሁ እኮ!» ብለው ሳቁና ቡና ጀባ አሉኝ።

ቀጥዬ የሄድሁት እናቴ ወደ ተቀመጠችበት ድንጋይ ነው። በአባቴ ፎቶግራፍ ውኃው የድንጋዩን እግር ይነካል። እኔ በደረስሁበት ቀን ግን ከድንጋዩ እስከ ውኃው ብዙ እርምጃ ያስኬድ ነበር፤ በመካከሉም ሣርና የታረሰ መሬት አለ። በመጀመሪያ ደነገጥሁ። ኋላ ግን የአባቴን ወረቀት ባየው ጥቅምት ይላል፤ እኔ ያነሣሁት በሚያዝያ ነው። መውጫ ወንዝ የሌለው ሐይቅ ከዝናቡ ጋር ሲሞላና ሲጎድል ይኖራልና አንዱን ፎቶግራፍ ከአንዱ ጋር አነጻጽሮ ለመፍረድ መቸኮል አይገባም። በሚቀጥለው ዓመት ጥቅምት ላይ ተመልሼ ከዚያው ቦታ አነሣሁ። ውኃው ቀርቧል፤ ድንጋዩን ግን አልነካም። ሁለቱን ሕትመቶች ጎን ለጎን አድርጎ ያየ ሰው ስለ ሐይቁ ጠርዝ፣ ስለሚታረሰው ዳርቻና ስለ ተራቆተው ኮረብታ ብዙ ንግግር አያስፈልገውም። ዓሣ ያነገተው ልጅም የራሱ ታሪክ አለው። ዛሬ የከተማዋ ምግብ ቤቶች የሚታወቁበት ቆሮሶ ወደዚህ ውኃ የተጨመረው በ1970 ዓ.ም. ግድም ነው። አባቴ ያነሣው ልጅ እንግዲህ ከአዲሱ እንጀራ የመጀመሪያ ተቋዳሾች አንዱ ነበረ ማለት ነው።

ከዚያው ዳርቻ ማዶ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ይታያል። በቀድሞ ዘመን ደሴት የነበረው ስፍራ ዛሬ ከየብሱ ጋር ተያይዟል። የታሪክ ሊቁ ታደሰ ታምራት ስለ አበምኔቶቹ ባደረጉት ጥናት እንደሚታወቀው፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1248 ጀምሮ አባ ኢየሱስ ሞዓ ገዳሙን የትምህርትና የመጻሕፍት ማዕከል አድርገውታል። እኔ ሴት በመሆኔ በገዳሙ ሥርዓት መሠረት ወደ ውስጥ አልገባም፤ ሥርዓቱንም አክብሬ ከዳር ሆኜ አነሣሁት። ነገር ግን እግሬ ያልደረሰበትን ዓይኔ እንዲደርስበት ያደረገ ፊልም ነው። አባ ኢየሱስ ሞዓ ለገዳሙ ያበረከቱት በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተጻፈው ወንጌል የእርሳቸውን ሥዕል በውስጡ ይዟል። ይህን መጽሐፍ፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1973 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ብራናዎች የማይክሮፊልም ሥራ አንሥቶ በቁጥር 1832 መዝግቦታል። ሊቁ ጌታቸው ኃይሌ ዓመታት የደከሙበት የዚህ ሥራ ቅጂ በአሜሪካ በሚኒሶታ ይገኛል። ከሰባት መቶ ዓመት በፊት አንድ ሠዓሊ የአንድን መምህር መልክ እንዳይጠፋ በብራና አሰፈረ፤ ከሰባት መቶ ዓመት በኋላ ሌላ ባለሙያ ያንኑ መልክ በፊልም አሰፈረ። እናቴ «መልኩ እንዳይጠፋብኝ» ስትል የተናገረችው አዲስ ነገር አልነበረም። በሐይቅ ዳር መልክን ከመጥፋት ማዳን የቆየ ሙያ ነው።

የመጨረሻውን ጥቅል ይዤ ወደ ሰሜን፣ ወደ ውጫሌ ወጣሁ። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል በአማርኛው ሌላ፣ በጣልያንኛው ሌላ ሆኖ አገሪቱን እስከ ዐድዋ ያደረሰው በዚሁ ስፍራ ስም ነው። እኔ ግን የሄድሁት ስለ አምባሰል ነው። ሙዚቃ የሚያውቅ አንባቢ እንደሚያስታውሰው አምባሰል ከትዝታ፣ ከባቲና ከአንቺ ሆዬ ጋር ከአራቱ ቅኝቶቻችን አንዱ ነው። ከሕፃንነቴ ጀምሮ በሠርግ፣ በሐዘንና በሬዲዮ ሰምቼዋለሁ። ተራራውን ግን በአጠገቡ እየኖርሁ አንድ ቀን እንኳ ቆሜ አላየሁትም ነበር፤ አምባሰልን የማውቀው በጆሮዬ እንጂ በዓይኔ አልነበረም። ማለዳ ጉሙ ከገደሉ ሥር ሲነሣ ተራራው በአንድ ጊዜ አልወጣም። በመጀመሪያ ጫፉ፣ ቀጥሎ ትከሻው፣ ከዚያም ገደሉና እርሻው እንደ ሕትመት ቀስ እያለ ብቅ አለ። ጥቅሉ ሊያልቅ ሁለት ምስል ቀርቶት ነበር። አንዱን አነሣሁ። አንዱን ለእናቴ አስቀረሁት።

እናቴን ያነሣኋት በዚያው ድንጋይ ላይ ነው። ሲያቅባት እጇን ይዤ አስቀመጥኋት። ካሜራውን ባነሣሁ ጊዜ የሃያ ዓመቷን ፎቶግራፍ ከጉያዋ አውጥታ ተመለከተችው።

«የአባትሽ ፎቶግራፍ ከዚያ ሁሉ ፊልም አንድም አልተገኘም አልሽኝ አይደል?» አለችኝ።

«አዎን እማዬ፤ አንድም የለም።»

«ይኸ ምንድን ነው ታዲያ? እዚህ ላይ እንዲህ የምስቀው ማንን እያየሁ ይመስልሻል?»

ቀና ብላ ወደ እኔ፣ አባቴ ቆሞበት ወደ ነበረው ቦታ ተመለከተች። ሠላሳ ስድስተኛውን ያን ጊዜ አነሣሁ። ዛሬ ሁለቱ ፎቶግራፎች ከበሩ ትይዩ፣ ግድግዳው ነጣ ባለበት ቦታ ላይ ጎን ለጎን ተሰቅለዋል። የአባቴ ጉርድ ፎቶግራፍ አልተገኘም፤ እናቴም አትፈልገውም አልልም። መልኩ ግን ከዓይኗ አልጠፋም።

እንግዲህ በመግቢያዬ የጠቀስሁትን ልመና ላቅርብ። የቤተ መንግሥቱን ታሪክ እንደ ቦያጂያን ቤተሰብ ያሉ የፎቶግራፍ ባለሙያዎች በየዘመኑ አንሥተው አቆይተውልናል። በቅርቡም ዘመን አይዳ ሙሉነህ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2010 የመሠረተችው የአዲስ ፎቶ ፌስት አፍሪካውያን አገራቸውን በራሳቸው ዓይን የሚያሳዩበት መድረክ ሆኗል። የትናንሽ ከተሞቻችን ሕይወት ግን ያለው በየቤቱ ቁም ሣጥን ሥርና በተዘጉ ፎቶ ቤቶች ጓዳ ነው። ብዙዎቹ ፎቶ ቤቶች ሲዘጉ ኔጌቲቮቻቸው ከቆሻሻ ጋር ይጣላሉ፤ እርጥበትና ሙቀትም የቀረውን ይበላዋል። ስለዚህ መምህራን ተማሪዎቻችሁን ከአያቶቻቸው ቤት ኔጌቲቭ እንዲፈልጉ፣ ያገኙትንም ስምና ዘመን ጠይቀው እንዲጽፉበት አድርጉ። የባህል ሠራተኞች በየወረዳችሁ ያሉትን አሮጌ ባለ ፎቶ ቤቶች በሕይወት ሳሉ ጎብኟቸው። ኔጌቲቩን በደረቅና በቀዝቃዛ ስፍራ አስቀምጡ፤ ቅጂም አውጡለት፤ ቅጂ ወጣለት ብላችሁ ግን ዋናውን አትጣሉ። የጥበብ ሰዎችም አገራችሁን ለማየት ሌላ አገር አትጠብቁ።

የአባቴ ቆርቆሮ ዛሬም በቁም ሣጥኑ ሥር ነው። አሥራ አንዱ ጥቅል አሥራ ስድስት ሆኗል። የአዲሶቹን ወረቀት እንደ እርሱ በእርሳስ ጽፌበታለሁ፤ ወርና ዓመተ ምሕረት፣ ከሥሩም ከእርሱ ያልተማርሁትን አንድ ነገር ጨምሬበታለሁ። በምስሉ ላይ ያሉትን ሰዎች ስም።